ከዳሌ በታች፣ ከጉልበት በላይ

ማታ ስተኛ ብርድ ልብሱን ከቀኝ ጭኔ ላይ ገፈፍ አደርጋለሁ። ግራ እግሬ ይሸፈናል፣ ቀኙ ሜዳ ላይ ያድራል። ሀዋሳ እንደ አዲስ አበባ አትበርድም፤ ግን ነሐሴ ላይ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ቀላቅሎ ሲዘንብ እንዲህ መተኛት ከባድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቡ መልሶ ያለብሰኝ ነበር። ጨርቁ ገና ሲነካኝ ጮኬ እነቃለሁ። እሱም «ምን ሆንሽ?» ብሎ ብድግ ይላል። አሁን ለምዷል። ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሰብስቦ ይተኛል።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ያስቸገረኝ ቦታው ነው። የሚያመኝ ራሴን ወይም ጨጓራዬን ቢሆን ቡና ላይ ለጎረቤት አወራው ነበር። ጭን ግን እኛ ዘንድ እንደዋዛ አይጠራም። እናቴ ፊት እንኳ «ጭኔን» ማለት ከብዶኝ ኖሯል። ስለዚህ ለወራት «እግሬን ያመኛል» እያልኩ ከረምኩ። ይቺ «እግሬን» የምትባል ቃል ምን ያህል መንገድ እንዳሳተችኝ ልንገራችሁ።

የጀመረኝ ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ሆኜ ነው። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ያን ክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት እሰጥ ስለነበር ረፋዱን ሙሉ ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ። ስምንተኛ ወሬ ነበር። አንድ ቀን ጠመኔ ወድቆብኝ ላነሣ ጎንበስ ስል ቀኝ ጭኔ በውጭ በኩል ደንዝዞ አገኘሁት። በእጄ ዳሰስኩት። እጄ ጭኔን ነካ፣ ጭኔ ግን እጄን አላወቀውም። ጥርስ ተነቅለን ማደንዘዣው ሳይለቀን ከንፈራችንን ስንነካው እንደሚሰማን ዓይነት ነው፤ የሌላ ሰው ሥጋ የነካሁ መሰለኝ። የእርግዝናው ክብደት ነው፣ ስወልድ ይለቀኛል ብዬ ተውኩት።

መስከረም አጋማሽ ላይ ወለድኩ። ምጡ ረዥም ነበር። ጉልበቶቼን ወደ ሆዴ አጥፌ ለሰዓታት ገፋሁ። ማርያም ማረችኝ፣ ወንድ ልጅ ታቀፍኩ።

እማዬ ከዲላ መጣች። ማር፣ ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄትና አንድ ረዥም ነጭ መቀነት ይዛ። በሦስተኛው ቀን አስቆመችኝና ሆዴን አሰረችው። እጇ አሁንም ይታየኛል። አንዱን ጫፍ እኔን አስይዛ ሌላውን እየዞረችኝ ጠቀለለችው። በየዙሩ «ተንፍሺ» ትለኛለች። ስተነፍስ ትስበዋለች። መጨረሻውን በቀኝ በኩል፣ ልክ የዳሌዬ አጥንት ላይ ቋጠረችው። «ሆድሽ ተዝረክርኮ እንዳይቀር ነው ልጄ። ወገብሽም ይጠናል» አለችኝ። እሷንም እናቷ እንዲሁ አስረዋታል። እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። የተበተነ ገላዬን አንድ ሰው ሰብስቦ የያዘልኝ ያህል ተሰማኝ።

እሳቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌሊት ልጁን እያጠባሁ የቀሚሴ ጠርዝ ጭኔ ላይ ተንሸራተተ። በቃ፣ ይኸው ነው። የፈላ ውሃ የተደፋብኝ መስሎኝ ቀሚሴን ገለጥኩ። ምንም የለም። አልቀላ፣ አላበጠ፣ አልቆሰለ። ጣቴን ሳሳርፍበት ደግሞ እንደ በፊቱ ድንዝዝ ያለ ነው። ግራ የገባኝ ይኼ ነው። የማይሰማ ሥጋ እንዴት ያቃጥላል? ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ምንም አይለኝም፤ ነጠላ ሲነካው ግን እንባዬ ይመጣል።

አማርኛ ለሕመም ቃል አይሰስትም። ራስ ይፈልጣል፣ ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጎን ይወጋል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። የእኔ ከእነዚህ አንዱንም አይመስልም። ቀን ቀን ጉንዳን የሄደበት ያህል ይወረኛል። ቆሜ ስቆይ ሳማ እንደነካው ይለበልበኛል። ማታ ደግሞ ይፈጀኛል፤ በርበሬ የነካ እጅ ዓይን ላይ ሲያርፍ እንደሚፈጀው። አልፎ አልፎ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝረኝና ይጠፋል። ያደግኩት ዲላ ነው። ከጓሮ ሳማ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ስለዚህ መለብለብ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሳማው ቢበዛ አመሻሹ ላይ ይበርዳል። ይሄኛው ጭራሽ ሲመሽ ነበር የሚነሣብኝ።

የሚጠይቀኝ ሁሉ መድኃኒት አያጣም። «አራስ ሆነሽ መስኮት ከፍተሽ፣ ብርድ ገብቶሻል።» «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጨመቅልሽ።» አንዷ ጎረቤቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነርቭ እንዳይሆን» አለችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ነርቭ ሲባል ሰው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ሽባ መሆን። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ልጄን አቅፌ ነገ እግሬ አልታዘዝ ቢለኝ ማን ያሳድገዋል እያልኩ አደርኩ። ወጌሻም መጥታ ነበር። ቅቤ ቀብታ ስታሸኝ ጩኸቴ ግቢውን ሞላው። ደግመን አልጠራናትም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው ያየኝ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«እግሬን።»

«ወገብሽንስ?»

«እሱም አልፎ አልፎ።»

ከወለደች ወር ያለፋት ሴት ወገቧን የማያማት የት ትገኛለች? እሱ ግን ጻፈው። እግርና ወገብ ሲደመር ዲስክ ሆነ። አልጋው ላይ ውጪ አላለኝም። ልብሴን አላስገለጠኝም። እኔም ባላስገለጠኝ እያልኩ እየጸለይኩ ነበር። «የትኛው የእግርሽ ክፍል?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ምናልባት ያኔም «እግሬን» እል ነበር። እሱ አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ወገቤን ኤምአርአይ ተነሣሁ። ለልጆች ብለን ካስቀመጥነው ገንዘብ ነው የከፈልነው። ውጤቱ አንዱ ዲስክ ትንሽ ወጣ ማለቱን ይናገራል። ኋላ ላይ እንደተነገረኝ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ይኸው ይገኝባቸዋል። ያኔ ግን ለእኔ ማስረጃ ነበር። የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ፣ የሕመም ማስታገሻና የወገብ ቀበቶ ታዘዘልኝ።

ቀበቶው ሰፊና ጥቁር ነው። ከጀርባው ብረት ገብቶበታል፤ ከፊት በሚጣበቅ ጨርቅ ይታሰራል። ጠዋት ታጥቄው ማታ እፈታዋለሁ። ሕመሙ ሲብስብኝ ወገቤ አልተደገፈም እላለሁና ይበልጥ አጠብቀዋለሁ። ሳጠብቀው ይብስብኛል። ሲብስብኝ አጠብቀዋለሁ። ከሁለት ወር በላይ እንዲህ ሆነ። የእማዬን መቀነት ፈትቼ የሐኪም መቀነት ታጠቅሁ ማለት ነው፤ ያውም እዚያው አጥንት ላይ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል።

ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። በዚያ ቀን ሀዋሳ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሞላታል። አልቀርም ብዬ ሕፃኑን ለእማዬ ትቼ ሌሊት ወጣሁ። ገና ቅዳሴው ሳያልቅ ጭኔ ነደደ። ሰው በሰው ላይ ስለሆነ ፈቀቅ ማለት አይቻልም። ከጎኔ የቆሙ አሮጊት ፊቴን አይተው «ተቀመጪ ልጄ፣ እሱ ልብን ነው የሚያየው» አሉና በክንዳቸው ቦታ ከፈቱልኝ። ነጠላዬን አንጥፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጭኔ እጥፍ እንዳለ እሳቱ ቀዝቀዝ አለ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ስቆም ይነዳል፣ ስቀመጥ ይበርዳል። ዲስክ ያለበት የባለቤቴ ወንድም ደግሞ የሚያቅተው መቀመጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ሲያቃስት ነው የማውቀው። የእኔና የእሱ አንድ እንዳልሆነ የጠረጠርኩት መሬት ላይ ተቀምጬ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የልጁ የ14ኛ ሳምንት ክትባት ደረሰ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። የምትከትበው ነርስ ሴት ናት፣ በዕድሜ ታላቄ ትሆናለች። ልጁን ይዛ «በዚህ በኩል አዙሪው» አለችኝ። ወደ ቀኝ ጭኔ ማለቷ ነው። አልቻልኩም። በግራ ጭኔ ላይ እንዳለ ራሴን አዞርኩላት። መርፌውን ወግታ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቀኝሽ ምን ሆኗል?»

«እግሬን ያመኛል።»

«የቱ ጋ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሴቶች ብቻ ነን። በሩ ዝግ ነው። ልጄ እያለቀሰ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ሞልቼ «ጭኔን» አልኩ። «እዚህ ጋ። ከዳሌዬ በታች፣ ከጉልበቴ በላይ፣ በውጭ በኩል። ወደ ታች አይወርድም፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ይደነዝዛል፣ ደግሞ ይለበልበኛል።» በመዳፌ ቦታውን ሸፈንኩት።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የቀሚሴን ወገብ ነካ አደረገች። ቀበቶው በጨርቁ ሥር ተሰማት። «ይሄን ማን አሰረብሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ምርመራው ምንም አላለችም። ግን ወረቀት ላይ የአንዲት የነርቭ ሐኪም ስም ጻፈችልኝና «አሁን እኔን ያልሽኝን ቃል በቃል ንገሪያት። እግሬን እንዳትያት» አለችኝ።

ሐኪሟ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው። «ልጄ» እያሉ ነው ሰው የሚያናግሩት። መጀመሪያ ጥያቄ ደረደሩልኝ። ከጉልበትሽ በታች ይወርዳል? ደረጃ ስትወጪ እግርሽ ይከዳሻል? ሽንትሽን ወይም ሰገራሽን መቆጣጠር አቅቶሽ ያውቃል? መቀመጫሽ አካባቢ ደንዝዞሻል? ትኩሳት አለሽ? ያለ ምክንያት ከሳሽ? ለሁሉም አይደለም አልኩ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ አዎ ቢሆን መንገዳችን ሌላ ነበር አሉ፤ ያውም የችኮላ መንገድ። በተለይ የሽንቱና የመቀመጫው መደንዘዝ ለነገ የሚባል እንዳልሆነ አጥብቀው ነገሩኝ። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መቱት፣ እግሬ ተፈናጠረ። ግፊ አሉኝ፣ ገፋሁ። የእግሬ አቅም ሙሉ ነው።

ከዚያ ጥጥና እስክሪብቶ አመጡ። ጥጡን ከደህናው ቆዳ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታመመው ጎተቱት። «ስሜቱ ሲለወጥብሽ አቁሚኝ።» «እዚህ ጋ» ስል ነጥብ አደረጉ። ደግሞ ከሌላ ጎን። «እዚህ።» ነጥብ። ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝና «በይ ድንበሩን ራስሽ አገናኚው» አሉኝ። ነጥቦቹን አገናኘሁ። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ከጉልበቴ በላይ ያለቀ ሰማያዊ መስመር። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ ሌሊት፣ ድንበር አለው። ማታ ቤት ስገባ የስድስት ዓመቷ ልጄ ልብስ ስቀይር አየችኝና «እማዬ፣ አቮካዶ ማን ሣለብሽ?» አለችኝ። እውነትም አቮካዶ ነው የሚመስለው።

ቀጥለው በግራ ጎኔ አስተኙኝ። ከላይ የዋለውን የዳሌዬን አጥንት በሁለት መዳፋቸው ወደ ታች ተጭነው «ዝም ብለሽ ቆዪ፣ 45 ሰከንድ ነው» አሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሳይሞላ እሳቱ ወደኋላ አለ። እንደ ጠፋ አይደለም፤ አንድ ሰው በሩን ገርበብ እንዳደረገለት ነው። አለቀስኩ። ሐኪሟ እጃቸውን ሳያነሡ «አገኘነው» አሉኝ።

ያስረዱኝን እንደገባኝ ልናገር። ከወገባችን ሁለተኛና ሦስተኛ አንጓ አካባቢ የሚነሣ ቀጭን ነርቭ አለ። በዳሌያችን ውስጥ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል። ከፊት በኩል ሆዳችን ግራና ቀኝ በእጅ የሚዳሰስ የዳሌ አጥንት ጫፍ አለን፤ ቀበቶ የሚያርፍበት ማለት ነው። ከዚያ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ጠንካራ ጅማት አለ። ነርቩ በዚያ ጅማት ሥር ሾልኮ ወደ ጭን ይወጣል። መውጫው ጠባብ ነው። ሆድ ሲገፋ፣ ክብደት ሲጨምር፣ ቀበቶ ሲጠብቅ እዚያ ላይ ይጨፈለቃል። ይህ ነርቭ ጡንቻ አያንቀሳቅስም፤ ሥራው የጭንን የውጭ ቆዳ ስሜት ማድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እግሬ ያልደከመው። ጎረቤቴ እንደፈራችው ሽባ አያደርግም። መውጫው ላይ ሲጨፈለቅ ግማሹ መልእክት ይቀራል፣ እሱ መደንዘዙ ነው። ግማሹ ተዛብቶ ይደርሳል፣ ነጠላው እሳት የሚሆነው በዚህ ነው። ጉዳቱ ያለው ዳሌዬ ጋ፣ ጩኸቱ የሚሰማው ጭኔ ላይ። የተለመደው ማስታገሻ ያልነካኝም ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለውን የነርቭ ሕመም ብዙም አይረዳም።

ስሙ ሜራልጂያ ፓረስቴቲካ ይባላል። ሜሮስ በግሪክኛ ጭን ነው፣ አልጎስ ሕመም። በኋላ ስለ ታሪኩ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ጀርመናዊው ሐኪም ማርቲን በርንሃርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1878 ጽፎበታል። ስሙን በ1895 የሰጠው ሩሲያዊው የነርቭ ሐኪም ቭላዲሚር ሮት ነው። ሮት ሕመሙን ያየው ቀበቷቸውን አጥብቀው በሚታጠቁ ፈረሰኛ ወታደሮች ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ስለዚሁ ሕመም ጽፏል፤ የጻፈው ደግሞ በራሱ ጭን ላይ ስላየው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሐኪም ስለ ገዛ ጭኑ በአደባባይ ጽፎ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ስሙን መጥራት አቃተኝ።

ብርቅ ሕመም አይደለም። ኔዘርላንድ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት በዓመት ከ10,000 ሰው 4 ያህሉ አዲስ ይይዘዋል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ እኔም የደም ስኳሬ ታይቶ ደህና ሆኗል። እርጉዞችን፣ ወፈር ያሉ ሰዎችን፣ ጠባብ ሱሪ የሚያዘወትሩትን፣ በሥራቸው ከባድ ቀበቶ የሚታጠቁትን ይይዛል። ምጥ ላይ እግርን አጥፎ ረዥም ጊዜ መግፋትም ያመጣዋል።

«እንግዲያውስ የእኔን ያመጣው የቱ ነው?» አልኳቸው። «እርግዝናው አስጀምሮሻል። ምጡ ጨምሮበታል። መቀነቱና ቀበቶው ደግሞ እንዳይድን ይዘውታል» አሉኝ። ቀጥለው፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ «እናትሽን አደራ እንዳታስቀይሚ። ለፍቅር ነው» አሉ።

ሕክምናው መጀመሪያ ላይ አሳፈረኝ፤ በጣም ቀላል ነው። ቀበቶውን አውልቂ። ሆድሽን አትሰሪ። ወገቡ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ልበሺ። በሥራ ቦታ ስትቆሚ አንድ እግርሽን ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ላይ አሳርፊ። ክብደት ቀስ ብለሽ ቀንሺ። አብዛኛው ሰው በዚህ ብቻ በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ካልሆነ ለድብርት የተሠራው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ወይም ለሚጥል በሽታ የተሠራው ጋባፔንቲን ለነርቭ ሕመም ይሰጣል። አጥንቱ ጫፍ አጠገብ የሚወጋ ማደንዘዣና ስቴሮይድም አለ። ቀዶ ሕክምና እጅግ ለባሰበት ነው። እኔ የማጠባ ስለሆንኩ ተነጋግረን መድኃኒቱን ለጊዜው አቆየነው።

ቀበቶውን የዚያን ዕለት ማታ አወለቅሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ስነቃ አደርኩ። ቀጥ ያለ መንገድ ግን አልነበረም። የካቲት ላይ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ እሳቱ እንደ አዲስ ተነሣ። ተስፋ ቆረጥኩ። ሰሌዳው ሥር የጠመኔ ሣጥን አስቀመጥኩና እግሬን እያፈራረቅኩ አሳርፍበታለሁ። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ቲቸር ጭኗን ያማታል» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። አንዷ በየቀኑ ጠዋት ሣጥኑን ከጥግ ጎትታ ታመጣልኛለች።

አመሻሽ ላይ ከባለቤቴና ከልጆቹ ጋር ወደ ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን። በፊት እስከ አሞራ ገደል ድረስ በእግሬ ሄጄ ዓሣ ገዝቼ እመለስ ነበር፤ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር ፈልጌ እቀመጣለሁ። አባ ኮዳዎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው ሲያርፉ ልጄ ታሳየኛለች። «እማዬ፣ እነሱም እንዳንቺ ናቸው» ትለኛለች።

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ አንድ ቀን በሩ ላይ አስቆመኝ። ሰፊ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ዱላውና ቁልፉ በጎኑ ይንጠለጠላል። ልጆቹ ነግረውት ኖሯል። «ቲቸር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና…» አለ። መሬት መሬቱን እያየ። «እኔንም ይችን እዚህ ጋ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማታ ማታ በርበሬ እንደተቀባ ነው። ሚስቴን እንኳ አልነገርኳትም።» ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ ላላ እንዲያደርገው፣ ስኳሩንም እንዲለካ ነገርኩት። ሲሄድ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አላላው። እንደ ሐኪም ልሁን ማለቴ አይደለም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ይዞት መኖሩ ልቤን ነካው።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወደ ዲላ ስትመለስ መቀነቱን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ «ለሚቀጥለው» ብላ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። ስልክ ስትደውል «እግርሽ እንዴት ነው?» ትላለች። «ተሽሎኛል እማዬ» እላታለሁ። በገዛ እጇ ያሰረችውን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?

ፋሲካን ዲላ ዋልን። ከምሳ በኋላ እሷና እኔ ብቻ ጓዳ ቀረን። ልጁን አንሥታ ወደ ቀኝ ጭኔ ላይ ልታስቀምጥልኝ ስትል ሳላስበው እጇን ያዝኩት። አየችኝ።

«አልተሻለሽም ማለት ነው።»

«ተሽሎኛል። እሳቱ ቀንሷል። ድንዛዜው ግን አለ።» ከዚያ በቃ ወጣልኝ። «እማዬ፣ እግሬን አይደለም። ጭኔን ነው።» ስለ ነርቩ፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ ቀበቶው ነገርኳት። መቀነቱ ጋ ስደርስ ቃል አጣሁ። ሐኪሟ ያሉኝን አስታውሼ «ለፍቅር ነው ያሰርሽኝ» ማለት ጀመርኩ። እሷ ግን እየሰማችኝ አልነበረም። ልጁን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ ቀኝ እጇን አነሣችና በቀሚሷ ላይ የራሷን ጭን ሸፈነችው። ከዳሌ በታች፣ ከጉልበት በላይ፣ በውጭ በኩል። እኔ ለነርሷ ያሳየሁት ቦታ።

«እዚህ ጋ?» አለችኝ።

«እዚያ ጋ።»

«አንቺን ስወልድ ጀመረኝ። ታናሽሽን እስክወልድ አለቀቀኝም። አባትሽ እንኳ አያውቅም። ለማን ይነገራል? ጭን ነው።» መዳፏን ከቦታው አላነሣችም። ትንሽ ቆይታ «ስም አለው እንዴ?» አለች።

ነገርኳት። ደግሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት።